ክላውዱ፣ ካሸሯና ፒችትሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከክሊኒክ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በክላውድ የሚሠራ፣ ማለትም መረጃው በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ ሶፍትዌር ገዝተዋል፣ ወይም ሊገዙ ነው። ችግራቸውም ይቀራረባል። ሶፍትዌሩ ከሒሳቡ፣ ከላብራቶሪ ማሽኑ፣ ከዱቤ ደንበኛው ወይም ከጤና ቢሮ ሪፖርቱ ጋር አልገጥም ብሏቸዋል። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከክሊኒክ ካሸርነት ነው። ከዚያ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያ ሲስተም መዘርጋት። መልሴ የፕሮግራመር ሳይሆን የካሸር ቢመስላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ መካከለኛ ክሊኒክ አለኝ። ካርድ፣ ቀጠሮ፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲና ክፍያ በክላውድ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ሒሳብ ሠራተኛችን ግን የምትጠቀመው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ካሸሯ አንዴ ሶፍትዌሩ ላይ ትመዘግባለች፣ አንዴ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ትመታለች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ያንኑ እንደገና ፒችትሪ ውስጥ ታስገባለች። ወር ሲዘጋ ሦስቱም የተለያየ ድምር ይሰጡኛል። የሶፍትዌሩ ሻጮች «ኢንተግሬት እናደርግልዎታለን፣ ሁሉንም እናያይዘዋለን» ብለው ዳጎስ ያለ ዋጋ አምጥተዋል። ልክፈል?
ዶክተር፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ ገና አይክፈሉ ዶክተር። መጀመሪያ ሦስቱ ድምሮች ለምን እንደሚለያዩ ይወቁ። በእጅ አልገናኝ ያለ ሒሳብ በሽቦ አይገናኝም። ስሕተቱ ይበልጥ ይፈጥናል እንጂ።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ካሸር ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ። ታካሚው ለላብራቶሪ ከፈለ። ላብራቶሪ ሲደርስ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል ተባለ። ብሩ ተመለሰለት። ካሸሯ ሶፍትዌሩ ላይ ሰረዘችው። ካሽ ሬጅስተሩ ግን አንዴ የወጣ ደረሰኝን ዝም ብሎ አይሰርዝም፤ ተመላሽ የሚመዘገብበት የራሱ መንገድ አለው። ያንን ካልሠራችው ሽያጩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ሌላው የማታ ፈረቃ ነው። ሶፍትዌሩ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ዜድ ሪፖርቱ፣ ማለትም የካሽ ሬጅስተሩ የቀን መዝጊያ ድምር፣ ግን የሚወጣው ጠዋት ፈረቃ ሲለዋወጥ ሊሆን ይችላል። የሌሊቱ ገቢ በአንዱ የዛሬ፣ በሌላው የትናንት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ «የዶክተሩ ዘመድ ናቸው» ተብሎ የሚቀነሰው አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱን ማን እንደፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ የትም አይጻፍም። የዱቤ ደንበኞችም ሶፍትዌሩ ላይ ገቢ ተብለው ይደመራሉ፤ ብሩ ግን ገና አልመጣም።

እነዚህን ከለዩ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የትኛው መረጃ የማን ነው? ታካሚው ማን እንደሆነና ምን አገልግሎት እንዳገኘ የሚያውቀው የክሊኒኩ ሶፍትዌር ነው። ለግብር የሚታየው ሽያጭ ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ ያለው ነው። ብሩ መግባቱን የሚያውቁት ባንኩና ቴሌብር ናቸው። የሒሳብ መዝገቡ የፒችትሪ ነው። ዋጋ የሚቀየረውም በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ካሸሯ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ዋጋውን በእጇ የምትመታ ከሆነ ሁለት የዋጋ ዝርዝር አለዎት ማለት ነው። ይህን በአንድ ገጽ ይጻፉና ሒሳብ ሠራተኛዋን፣ ካሸሯንና ፋርማሲስቱን ያስፈርሙ። ፕሮግራመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ ቁጥር አስቀድሞም አለዎት። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው የኤፍኤስ ቁጥር ነው። ካሽ ሬጅስተሩ ከሶፍትዌሩ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ካሸሯ የኤፍኤስ ቁጥሩን ሳታስገባ ክፍያውን መዝጋት እንዳትችል ያስደርጉ። ፊስካል ፕሪንተር (ከሶፍትዌሩ ጋር የሚገናኝ የደረሰኝ ማተሚያ) ካለዎት ደግሞ ሶፍትዌሩ ራሱ ቁጥሩን ተቀብሎ ያስቀምጠው። ይህን ማያያዝ ግን የገቢዎች ዕውቅና የሚጠይቅ ነገር ነው። ሻጩ ዕውቅናው እንዳለው በወረቀት ያሳይዎት።

አሁን ወደ ፒችትሪ። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ጋ ግን ፒችትሪ ያው ፒችትሪ ነው። የሚኖረው ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ክላውድ ላይ ያለ ሶፍትዌር እዚያ ድረስ እጁን አያስገባም። ስለዚህ «ኢንተግሬሽን» ብለው የሚሸጡልዎ ነገር በአብዛኛው የሲኤስቪ ፋይል ነው፤ በኤክሴል የሚከፈት ተራ ሠንጠረዥ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በየቀኑ ፋይል ያወጣል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ ውስጥ ኢምፖርት ታደርገዋለች። ይህን ስል እያጣጣልኩት አይደለም። እንደ እርስዎ ላለ ክሊኒክ እኔ ራሴ የምመርጠው እሱን ነው። ዋጋው ግን የፋይል ዋጋ ይሁን።

ፋይሉ ውስጥ ታካሚ በታካሚ አይላኩ። አንዳንድ ክሊኒክ እያንዳንዱን ታካሚ ፒችትሪ ላይ ደንበኛ አድርጎ ይከፍታል። በዓመቱ ዝርዝሩ ይረዝምና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «የጥሬ ገንዘብ ታካሚ» የሚል አንድ ደንበኛ፣ ለየዱቤ ድርጅቱ ደግሞ አንድ አንድ ይበቃል። የቀኑ ገቢ በአገልግሎት ዓይነት ተጠቃሎ ይሂድ፤ ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ መድኃኒት እየተባለ። ማመሳከሪያው ላይ የዜድ ሪፖርቱ ቁጥር ይግባ። ያኔ አንዱ ፋይል ሁለቴ ቢገባ ቁጥሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ከእያንዳንዱ ኢምፖርት በፊት ባክአፕ መያዝ ግዴታ ነው። የተሳሳተ ፋይል ከገባ በኋላ አንድ በአንድ መልቀም የሚያስለቅስ ሥራ ነው።

ስለ ወሩም አንድ ነገር። የበጀት ዓመትዎ ሐምሌ 1 ከጀመረ ፒችትሪ ላይ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ፒችትሪ በዓመት እስከ 13 የሒሳብ ወቅት ይቀበላል፤ ስለዚህ ለጳጉሜንም ቦታ አይጠፋም። ከነሐሴ ጋር ትጠቃለል ወይስ ለብቻዋ ትቁም የሚለውን ሒሳብ ሠራተኛዋ ትወስን፤ ከዚያ ሶፍትዌሩም ያንኑ ይከተል። አንዱ ጋ ለብቻዋ፣ ሌላው ጋ ተጠቃልላ ከሆነ በየዓመቱ መስከረም ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።

ቴሌብር ይቀራል። ካሸሯ የታካሚውን ስልክ አይታ «ገብቷል» የምትል ከሆነ ያስቁሟት። የተሠራ ስክሪንሾት የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። ማረጋገጫው ከታካሚው ስልክ ሳይሆን ከቴሌብር በቀጥታ ወደ ሶፍትዌርዎ መምጣት አለበት። ይህኛው እውነተኛ ኢንተግሬሽን ነው። ቴሌብር ለነጋዴዎች ያዘጋጀው ኤፒአይ፣ ማለትም አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት በር፣ አለ፤ ክፍያው ሲሳካ ለሶፍትዌሩ መልእክት ይልካል። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ እዚህ ላይ ያውጡ። የፒችትሪውን ነገር አንድ ወር በእጅ ያሠሩት። የየቀኑ ድምር ሲገጥም ሻጮቹን ይጥሯቸው። ያኔ ምን እንደሚገዙ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ አዳማ በሚገኝ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ለጤና ቢሮ የሚሄደውን ወርኃዊ ሪፖርትም የምሠራው እኔ ነኝ። ባለቤቱ «ሲስተሙ አንድ ነው፤ የአንቺ የታካሚ ቁጥር ከሒሳብ ክፍሉ ለምን ይለያል?» እያለ ያፈጥብኛል። የምደብቀው ነገር ያለ መስሎታል።
ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ቁጥሮቹ ቢገጥሙ ነበር። ለጤና ቢሮ የሚሄደው ሪፖርት ወር የሚቆጥረው ከ21 እስከ 20 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ያለው ነው። ሒሳብ ክፍሉ ከ1 እስከ 30 ይዘጋል። የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ወሮች ነው። በዚያ ላይ እነሱ የሚቆጥሩት የከፈለውን ነው፣ አንቺ የታየውን ነው የምትቆጥሪው። በቀጠሮ ተመልሶ ያለ ክፍያ የታየ ሰው አንቺ ጋ አለ፣ እነሱ ጋ የለም። መድኃኒት ብቻ ገዝቶ የሄደው እነሱ ጋ አለ፣ አንቺ ጋ የለም።

ሶፍትዌሩ ሪፖርቱን ከየትኛውም ቀን እስከ የትኛውም ቀን ማውጣት ከቻለ ነገሩ ቀላል ነው። ለባለቤቱ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም አስቀምጪለት፤ ከ1 እስከ 30 ያለውን በአንድ ዓምድ፣ ከ21 እስከ 20 ያለውን በሌላ። ቁጥሮቹን እንዲገጥሙ ብለሽ ግን እንዳትነካኪ። የጤና ቢሮው ሪፖርት ስለ በሽታ ነው። የሚደመረው በዕድሜና በፆታ ተለይቶ ነው። ካሸር ጋ ያለው ቁጥር እዚያ ምንም አይሠራም።

ሪፖርቱ የሚገባበት የጤና መረጃ ሲስተም፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ኤፒአይ አለው፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም ይረዳል። ስለዚህ ከሶፍትዌራችሁ በቀጥታ መላክ በቴክኒክ የሚቻል ነገር ነው። ለግል ክሊኒክ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ግን ሻጩን ሳይሆን ጤና ቢሮውን ጠይቂ። እስከዚያው ሶፍትዌሩ ቅጹን ሞልቶ ካወጣልሽ፣ አንቺ አይተሽ ካስገባሽው፣ በቂ ነው። በሰው ዓይን መታየቱን እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ሪሰፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ከድሮው ሲስተም ወደ ክላውዱ ስንዛወር አንድ ታካሚ ሦስት ካርድ ይዞ ተገኘ። የፋርማሲው ሲስተም ለብቻው ነበር፤ እሱን ስናያይዝ ደግሞ ባሰ። ዕድሜውም የተዘበራረቀ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን 11 ዓመት ይላል።
ከጎንደር

መልስ፦ እነዚህ ሶፍትዌሮች የታሰቡት የራሱ ስምና የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ሲስተም «የመጨረሻ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ አባትን ያስገባል፣ ሌላው አያትን። ሲያያዙ ሁለት ሰው ይሆናሉ። ኃይሉን አንዱ በሀ፣ አንዱ በሐ፣ አንዱ በኃ ይጽፈዋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነማ የጸጋዬን ስም ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሲስተሞቹን በስም አታያይዙ።

በስልክም አይሆንም። አንዲት እናት አራት ልጆቿን የምታስመዘግበው በራሷ ስልክ ነው። ቁጥሩ ራሱ አንዱ ጋ በ09፣ ሌላው ጋ በ2519 ይጀምራል።

ማያያዣው የካርድ ቁጥር ይሁን። እሱንም የሚሰጥ አንድ ሲስተም ብቻ ይኑር። ፋርማሲው አዲስ ታካሚ መክፈት አይችል። ካርድ የሌለው ገዢ ሲመጣ «የውጭ ማዘዣ» ተብሎ ይሸጥለት። ፋይዳ ጥሩ መፈለጊያ ነው፤ 12 አሃዝ ስለሆነ በስም ከመፈለግ በብዙ ይሻላል። የካርድ ቁጥር ግን አታድርጉት። አራስ ልጅም ሆነ ራሱን ስቶ በድንገተኛ የመጣ ሰው ፋይዳውን አይነግራችሁም። ድርብ ካርዶችን ስታዋሕዱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይወስን። አንደኛው ካርድ ላይ የፔኒሲሊን አለርጂ ተጽፎ ይሆናል። ባዶ የሚመስለው ካርድ ሲሰረዝ እሱም አብሮ እንዳይጠፋ።

ዕድሜው በእኛ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት የፈረንጅ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው። 7 ወይም 8 ዓመት የሚጨምርባችሁ ለዚህ ነው። ይህን «የጽሕፈት ስሕተት» ብላችሁ አትለፉት። ሄሞግሎቢን ዝቅ ብሏል ወይስ ደህና ነው የሚለው በዕድሜ ይለያያል። ሶፍትዌሩ ዕድሜውን ለላብራቶሪው ሲያቀብል ስሕተቱንም ያቀብላል፤ ለአራት ዓመት ልጅ የ11 ዓመት መለኪያ ይወጣለታል። ሻጮቹ የልደት ቀን ማስገቢያውን ሁለት ያድርጉት፤ በኢትዮጵያ ሲገባ የፈረንጁን ራሱ ያስላ። ቀን የማያውቁ እናቶችም ይመጣሉ። ለእነሱ «ግምት» የሚል ምልክት ይኑር፤ ሁሉንም መስከረም 1 አታድርጓቸው።

በዚያው የቀጠሮ መልእክታችሁን እዩት። ሶፍትዌሩ በኤስኤምኤስ «ቀጠሮዎ 9:00 ነው» ብሎ ከላከ ታካሚው ምሳውን በልቶ በ9 ሰዓት ይመጣል። ዶክተሩ ግን ሲጠብቅ የነበረው ጠዋት ነው። መልእክቱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የክሊኒክ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዱቤ ደንበኛችን የሆነ አንድ ድርጅት «ሠራተኛው ምን እንዳመመው ካልተጻፈ አንከፍልም» ይላል። ሶፍትዌራችን ኢንቮይሱን ከነምርመራው በየወሩ በኢሜይል በራሱ መላክ ይችላል። ልልክላቸው?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትላክ። ድርጅቱ የመጠየቅ መብት ያለው ሠራተኛው መታከሙን፣ መቼ እንደታከመና ስንት እንደሆነ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ኤክሴል ላይ የሠራተኞቹን በሽታ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ነው ያስቀመጠው። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ደግሞ ከአዋጁ በፊትም የነበረ ነው።

አንተ ያላሰብከው ሌላ ነገርም አለ። «ምርመራ» የሚለውን ዓምድ ብታጠፋው እንኳ የአገልግሎት ዝርዝሩ ይናገራል። ኢንቮይሱ ላይ «የኤችአይቪ ምርመራ» ወይም «የእርግዝና ምርመራ» የሚል መስመር ካለ በሽታው ባይጻፍም ተጽፏል። ይኸው ዝርዝር ወደ ፒችትሪም ይሄዳል፤ ፒችትሪን የሚያየው ኦዲተርም ያነባል። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ የሚወጣው ሁሉ በጥቅል ስም ይውጣ፤ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት፣ ሕክምና ተብሎ። ዝርዝሩ በክሊኒኩ ውስጥ ይቅር። በሠራተኛው ስም ፈንታም የመታወቂያ ቁጥሩን ተጠቀሙ።

ድርጅቱ «እንዳንጭበረበር ማጣራት እንፈልጋለን» ካለ ሥጋቱ እውነት ነው፣ መልስም አለው። በውሉ ላይ አንድ ሐኪም ይሰየም። እሱ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ ናሙና ካርዶችን ያመሳክር፤ ለድርጅቱ የሚነግረው «ትክክል ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ ይሁን። ሠራተኛው በጽሑፍ ከፈቀደ ሌላ ነገር ነው። ሲቀጠር በጅምላ የፈረመውን ግን እኔ ፈቃድ አልለውም። አለቃው ፊት ተቀምጦ ማን እምቢ ይላል? በራሱ የሚላከውን ኢሜይል ዛሬውኑ አስጠፋው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። የሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ማሽናችን ውጤት አትሞ ይሰጠናል፣ እኛ ደግሞ ክላውዱ ላይ በእጅ እንጽፋለን። ሻጩ «ማሽኑ ከክላውድ ጋር አይገናኝም» አለን። እውነት ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ማሽኑ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም፤ ባይወጣም ደግ ነው። ከኋላው ግን የኔትወርክ ወይም የሲሪያል ገመድ መሰኪያ ይኖረዋል። ውጤቱንም ኤችኤል 7 ወይም ኤኤስቲኤም በሚባል ቋንቋ ያወጣል። ላብራቶሪው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል። እሱ ከማሽኑ ተቀብሎ ወደ ክላውዱ ይልካል። መስመር ሲቋረጥ ይዞ ይቆያል። ማሽኑን የሸጠላችሁ ድርጅት የግንኙነት መመሪያ ሰነድ አለው፤ ጠይቁና ለሶፍትዌሩ ሰዎች ስጧቸው።

ከዚያ በፊት ግን ቲዩቡ ላይ ባርኮድ ይለጠፍ። ያለ ባርኮድ ማሽኑ የሚያውቀው «ናሙና 14» መሆኑን ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቅም። ውጤቱ ከገባ በኋላም እናንተ አይታችሁ ሳታጸድቁት ለሐኪሙ አይታይ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። ባለቤቴ ሐኪም ነው፣ ቢሮውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የሕክምናውን ሶፍትዌር ከሒሳብ ሶፍትዌራችን ከኩዊክቡክስ ጋር ልናያይዝ ነው። የታካሚው ስም አብሮ ይሂድ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይሂድ። እናንተ ጋ ሂፓ የሚባል የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ። በእናንተ ስም የታካሚ መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ ቢዝነስ አሶሼት አግሪመንት፣ ማለትም መረጃውን ለመጠበቅ ግዴታ የሚገባበትን ውል፣ መፈረም አለበት። መሐል ገብቶ ሁለቱን ሶፍትዌሮች የሚያገናኘው አገልግሎትም አይቀርለትም፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። ስሙን ካልላኩ ግማሹ ራስ ምታት ይቀርልዎታል።

ደግሞም አያስፈልግም። ከእናንተ የሚወጣው የኢንሹራንስ ጥያቄ 837 የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ፋይል ነው፣ ተመልሶ የሚመጣው የክፍያ ማብራሪያ 835 የሚባለው ነው። ባንክ የሚገባው ብር የብዙ ታካሚ በአንድ ላይ ነው። ማን ስንት እንደተከፈለበት የሚተነትነው 835 ነው፤ እሱም መታረቅ ያለበት በሕክምናው ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ወደ ኩዊክቡክስ የሚሄደው ሜዲኬር ስንት፣ ሜዲኬይድ ስንት፣ የግል ኢንሹራንስ ስንት፣ ኮፔይ (ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው) ስንት የሚለው የቀን ድምር ብቻ ይሁን። ያስከፈሉትን ሙሉ ዋጋ ገቢ ብለው እንዳይመዘግቡ። ኢንሹራንሱ በውሉ መሠረት የሚቆርጠው ገንዘብ መቼም አይመጣም።

በፌብሩዋሪ 2024 የክሊኒኮችን የክፍያ ጥያቄ ወደ ኢንሹራንሶች በሚያስተላልፈው ቼንጅ ኸልዝኬር ላይ የደረሰውን የሳይበር ጥቃት ያስታውሱ ይሆናል። በመላ አገሪቱ ብዙ ክሊኒክ ለሳምንታት ክፍያ መጠየቅ አቃተው። ሁሉንም በአንድ መስመር ካሰሩ ያ መስመር ሲበጠስ ምን እንደሚያደርጉ አሁን ይወስኑ። ሁለተኛ ክሊሪንግሃውስ (እንዲህ ያለ አስተላላፊ ድርጅት) ጋ አስቀድሞ መመዝገብና የጥቂት ወር የደመወዝ መጠባበቂያ መያዝ የሚሻል ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እህቴ ባሕር ዳር ክሊኒክ ልትከፍት ነው፤ ሶፍትዌር የምመርጥላት እኔ ነኝ። ሁሉም ሻጭ «ኤፒአይ አለን፣ ከሁሉም ጋር ይገናኛል» ይላል። ምን ልጠይቅ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ «አሳየኝ» በል። ኤፒአይ ያለው ሰው የኤፒአይ ሰነድ አለው፣ መሞከሪያ አካውንትም ይሰጥሃል። ሰነዱን «ስትገዙ እንልክላችኋለን» ካለህ የለውም ብለህ ቀጥል። ከዚያ መስመር የተቋረጠበትን ቀን ጠይቀው። ካሸሯ ክፍያ እየተቀበለች ኢንተርኔት ቢሄድ ምን ይሆናል? ሲመለስስ ያንኑ ክፍያ ሁለቴ ይልካል? ፊትህ ራውተሩን ነቅለህ ብትሞክረው ደስ ይለኛል። ሻጩ ካልወደደው መልሱን አገኘህ።

ዋጋው በዶላር ነው በብር? ይህ የሶፍትዌር ጥያቄ አይመስልም፣ ነው ግን። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወርኃዊ ክፍያቸው በዶላር የተሰላ ክሊኒኮች ያንኑ ሶፍትዌር ወደ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ያገኙት ያኔ ነው። መረጃው የት አገር ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥም ይጻፍልህ። የግል መረጃን ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ከላይ በጠቀስኩት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ሁኔታዎች ተቀምጠውለታል።

የሚሸጠውን ብቻ አትይ። ባህምኒ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ኦፕንኤምአርኤስን ለሕክምና መዝገብ፣ ኦፕንኢኤልአይኤስን ለላብራቶሪ፣ ኦዱን ለክፍያና ለመጋዘን አያይዞ የሚሠራ ነው። ታካሚው አንድ ቦታ ይመዘገባል፣ ኦዱ ላይ ራሱ ደንበኛ ይሆናል። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒትም ካሸሩ ጋ ለክፍያ ተዘጋጅቶ ይደርሳል። ነፃ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የሚጠብቀውና ሲበላሽ የሚያነሣው ሰው ያስፈልገዋል። ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ሰው ካገኘህ በቁም ነገር አስበው። ካላገኘህ እህትህን አታስጨንቃት። ባትገዛውም ሰነዱን አንብብ፤ ሻጮቹን ምን መጠየቅ እንዳለብህ ያስተምርሃል።

መውጫውን ደግሞ ከመግባትህ በፊት እወቀው። ውሉ ሲቋረጥ መረጃችሁን በምን መልክ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በስንት ብር እንደሚሰጧችሁ ይጻፍ። «ፒዲኤፍ እንሰጣለን» ካሉህ አትቀበል፤ ፒዲኤፍ ወደ ሌላ ሶፍትዌር አይገባም። ከመፈረምህ በፊት በመሞከሪያ አካውንቱ ላይ ጥቂት ታካሚዎችን አስመዝግብ፣ የላብራቶሪ ውጤት ስጣቸው፣ ክፍያ አስገባ፣ ከዚያ ሁሉንም አውጣልኝ በላቸው። የሚመጣውን ፋይል በኤክሴል ክፈተው። የአንዱን ታካሚ ውጤት ከነቀኑና ከነመለኪያው ካላገኘህበት ፊርማውን አቆየው።